የኖራ ቡኬት ምንድን ነው? አሮጌ የድንጋይ ግንብ ከሲሚንቶ ጋር ለምን አይስማማም

ጅማ ውስጥ ኖራ ሲነሣ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው እርሻን ነው። የአካባቢው አፈር አሲዳማ በመሆኑ ገበሬው ማሳው ላይ ኖራ ይበትናል። የከተማው ሰው ደግሞ ለበዓል የአጥር ግንብና የዛፍ ግንድ የሚቀባውን ነጭ ነገር ያስታውሳል። ሲሚንቶ ከመምጣቱ በፊት ግን የኖራ ትልቁ ሥራ ሌላ ነበር፤ ድንጋይን ከድንጋይ ማያያዝ። የአውሮፓ ካቴድራሎችም ሆኑ የጎንደር አብያተ መንግሥታት የቆሙት በኖራ ቡኬት ነው። ዛሬም የፈረሰ ድንጋያቸው ሲጠገን ባለሙያዎች ወደዚያው ይመለሳሉ። የሚመለሱት ለወግ ብለው ሳይሆን ሲሚንቶ አሮጌ ድንጋይ ስለሚበላ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የኖራ ድንጋይ እቶን ውስጥ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ በውስጡ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የሚቀረው ነጭ ጓል ውኃ ሲነካው ይንተከተካል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ውኃውንም ያፈላዋል። ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ስለሚችል ያለ መነጽር የሚቀርበው ሰው ሊኖር አይገባም። ውኃውን ጠጥቶ ሲበርድ ለስላሳ ሊጥ ይሆናል። ሊጡ ውኃ ለብሶ ለወራት ቢቀመጥ ይበልጥ ያምራል እንጂ አይበላሽም። ከዚያ አንድ እጅ ኖራ ከሦስት እጅ ያህል ንጹሕ አሸዋ ጋር ይቦካል፤ የኖራ ቡኬት ማለት ይኸው ነው። ግንቡ ውስጥ ከገባ በኋላ በእቶኑ ያጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ቀስ በቀስ እየሳበ ተመልሶ የኖራ ድንጋይ ይሆናል። ወፍራም ግንብ ውስጥ ይህ ዓመታት ሊወስድ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ለእርሻ የሚከፋፈለው ኖራ በአብዛኛው ያልተቃጠለ፣ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ብቻ ነው። ከአሸዋ ጋር ቢያቦኩት ሲደርቅ ተመልሶ ዱቄት ነው፤ ግንብ አይዝም።

ታዲያ ሲሚንቶ ምን አጠፋ? ችግሩ ጥንካሬው ነው። ለአሮጌ ግንብ ዋናው ሕግ ቡኬቱ ከድንጋዩ መድከም አለበት የሚል ነው። ለዘመኑ ግንበኛ ይህ የተገለበጠ ነገር ይመስለዋል፤ ጠንካራ ሥራ ማለት ጠንካራ ቡኬት ነው ተብሎ ተምሯልና። ነገር ግን አሮጌ ግንብ ይንቀሳቀሳል፤ በፀሐይ ይሰፋል፣ በብርድ ይጠባል፣ መሠረቱም ጥቂት ይሰጥማል። ቡኬቱ ደካማ ከሆነ ስንጥቁ መጋጠሚያው ላይ ይወጣል፤ እሱን ጠርጎ እንደገና መሙላት ቀላል ነው። ቡኬቱ ከድንጋዩ ከበረታ የሚሰነጠቀው ድንጋዩ ነው። የተቀረጸ ድንጋይ ደግሞ ምትክ የለውም።

የባሰው ጉዳት ከውኃና ከጨው የሚመጣው ነው። ማንኛውም የድንጋይ ግንብ ከመሬትም ከዝናብም ውኃ ይጠጣል፤ ውኃው የሟሟ ጨው ይዞ ይጓዛል። በሚተንበት ቦታ ጨው ትቶ ይሄዳል፤ ጨው ድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ክሪስታል ሆኖ ሲያድግ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። መጋጠሚያው ኖራ ከሆነ ውኃው በዚያ በኩል ይተናል፣ ጨውም ቡኬቱን ይበላል። መጋጠሚያው በሲሚንቶ ከተዘጋ ውኃው የሚወጣው በድንጋዩ ፊት ብቻ ነው። ሲሚንቶው ራሱም የሚሟሟ ጨው ይጨምርበታል። ጅማ ውስጥ በደንብ ያልደረቀ ቡና ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ታሥሮ ቢከርም ምን እንደሚሆን ለማንም አይነገርም፤ አሮጌ ግንብም የሚፈልገው ጆንያውን ነው።

ይህ ጉዳት በዓይን ይለያል። በሲሚንቶ የተሞላ አሮጌ ግንብ ቀርበው ቢያዩት የሲሚንቶው መስመር ሹል ሆኖ ወደ ፊት ወጥቷል፣ ድንጋዩ ደግሞ ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብቷል፤ በጣት ሲነኩት ይረግፋል፣ ሥሩ ላይም ነጭ ብናኝ ተከምሯል። የጭቃ ቤት ያለው የጅማ ሰው የዚህን ዘመድ በራሱ ደጃፍ ያውቀዋል። የግድግዳው የታችኛው ክፍል እንዳይረጥብ ተብሎ በሲሚንቶ ይለሰናል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ልስኑ ያብጣል፣ በመዶሻ ሲነኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ሲወድቅም ምርጊቱን ይዞ ነው።

ሲሚንቶ የቅርብ ዘመን ነገር ነው። ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ እንግሊዛዊ ፖርትላንድ ሲሚንቶን በስሙ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1824 ነው። ከዚያ ወዲህ በተለይም በ20ኛው ክፍለ ዘመን የብዙ ታሪካዊ ሕንጻ መጋጠሚያ በቅን ልቦና በሲሚንቶ ተሞላ። የእኛው ጎንደርም አልቀረለትም፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን ግቢው ሲጠገን ሲሚንቶና አርማታ ገባበት፣ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ወደ ኖራ ተመለሱ። ላሊበላ ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈለ ስለሆነ መጋጠሚያ የለውም፤ ቢሆንም ከዚያው ዓይነት ሐሳብ አላመለጠም። ውኃ እንዲከላከል ተብሎ የተቀባበትን ሬንጅና ቀለም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጣሊያናዊው ሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራው ጥገና ማንሣት ነበረበት።

ወደ ኖራ የመመለሱ ነገር በካቴድራሎች ዘንድ ስም ያወጣው በእንግሊዝ ዌልስ በተባለችው ትንሽ ከተማ ነው። የካቴድራሉ ምዕራባዊ ገጽ ከመካከለኛው ዘመን የተረፉ ወደ 300 የሚጠጉ ሐውልቶችን ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሮበርት ቤከር የተባለ ባለሙያ ሐውልቶቹን በትኩስ የኖራ ሊጥ እየሸፈነ አጸዳ፤ በኖራ ውኃ ደጋግሞ አራሰ፤ ጉድለታቸውን በኖራ ቡኬት ሞላ፤ በመጨረሻም ስስ የኖራ ቅብ አለበሳቸው። ቅቡ ዝናብና የአየር ብክለት ከድንጋዩ በፊት እሱን እንዲበሉ የታሰበ ነው። የኖራ ውኃው ድንጋዩን ከውስጥ ያጠነክራል ተብሎ ነበር፤ በኋላ የተደረገ የላቦራቶሪ ፍተሻ ግን ይህን ያህል እንደማያጠነክር አሳየ። የእኔ ግምት የቤከር ሥራ የተሳካለት በተቀረው በኩል ነው፤ በጥሩ ጽዳት፣ በለዘበ ሙሊትና በሚታደስ ቅብ።

ጅማ ላይ አሮጌ ግንብ በኖራ ልጠግን የሚል ሰው ሁለት ነገር ያስባል። አንደኛው ድንጋዩ ነው። በአካባቢው የሚገኘው እሳተ ገሞራ የወለደው ሲሆን ሁሉም አንድ አይደለም። ጥቁሩ ባዛልት ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ሲሚንቶን ይችላል፤ በቀላሉ የሚጠረበው ለስላሳው ድንጋይ ግን ቶሎ ይጎዳል። ሁለተኛው ዝናብ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ወቅቱም ረጅም ነው። ያልጠነከረ ኖራ ዝናብ ሲመታው ታጥቦ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሥራው ከኅዳር እስከ ጥር ይሻላል። በእርጥብ ቦታ ደግሞ የተፈጨ ሸክላ ወይም የእሳተ ገሞራ አመድ ቢጨመርበት ኖራው አየር ሳይጠብቅ ከውኃ ጋርም ይጠነክራል። ሮማውያን ወደብ የሠሩበት ብልሃት ነው።

አሞላሉ ትዕግሥት ይጠይቃል። የላላው ቡኬት በመሮና በመዶሻ በእጅ ይወጣል፤ ግራይንደር የድንጋዩን ጠርዝ ስለሚቆርጥ አይመከርም። ጥልቀቱ ቢያንስ የመጋጠሚያውን ስፋት ሁለት እጥፍ ይሁን። አቧራው ተጠርጎ ውስጡ በውኃ ይርሳል፤ ደረቅ ድንጋይ ከቡኬቱ ውኃ መጦ ያከስመዋልና። ቡኬቱ ተጠቅጥቆ ይሞላል፣ ከድንጋዩ ፊት ትንሽ ገባ ይላል፣ ድንጋዩ ላይ አይለቀለቅም። ከዚያ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ለቀናት ከፀሐይ ይጠበቃል። ከዋጋው ይልቅ ሰው የሚሰለቸው ይህ ጥበቃ ነው።

ቀድሞ የተሞላ ሲሚንቶ ካለስ? በምስማር ጫር ሲያደርጉት የሚረግፍ ከሆነ ምናልባት አሮጌው ኖራ ነው፤ የማይነካ ከሆነ ሲሚንቶ መሆኑ አይቀርም። በአንድ ጠርዝ የለቀቀውን በመሮ ማንሣት ይቻላል። ድንጋዩን አጥብቆ የያዘውን ግን በጉልበት መንቀል የድንጋዩን ፊት ይዞ ስለሚመጣ፣ በራሱ ጊዜ እስኪለቅ መተው ይሻላል።