አበባ የሚልስ ቀበሮ፣ ጥርስ አልባ ዝሆን፣ ወደ ታች የወደቀ ጸረ-ቁስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ተፈጥሮን የሚመለከት አዲስ ግኝት ለዜና ሲበቃ አብዛኛውን ጊዜ «ያልተጠበቀ» ይባላል። ያልተጠበቀ የሚሆነው ግን ቀድሞ ካመንነው ነገር ጋር ስለሚጋጭ ነውና፣ ያ እምነት ምን እንደነበረ መለየቱ ግኝቱን ከማድነቅ ይቀድማል።

አመለካከት፦ «ሥጋ በል እንስሳ ከሥጋ በቀር አይቀምስም።»

የባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮ ዋነኛ ምግቡ በደጋው ሜዳ ጉድጓድ ቆፍረው የሚኖሩ አይጦችና ፍልፈሎች መሆናቸው የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ቀበሮዎቹ በረጅም አገዳ ጫፍ ላይ እንደ ችቦ ቀይና ቢጫ ሆኖ የሚያብበውን የደጋ አበባ እየላሱ ጣፋጭ ፈሳሹን እንደሚጠጡ ተመዝግቧል፤ በአንድ ዙር እስከ 30 አበባ ያዳረሰ ቀበሮም ታይቷል። ከአጥኚዎቹ አንዱ የሆኑት ፕሮፌሰር ክላውዲዮ ሲለሮ የአበባውን ጣፋጭነት መጀመሪያ የተረዱት የእረኞች ልጆች ሲልሱት አይተው እንደሆነ ተናግረዋል፤ የሳይንስ ዜና የሆነውን ነገር የባሌ ልጆች አስቀድመው ቀምሰውታል ማለት ነው። ቀበሮዎቹ ሲልሱ አፍንጫቸው በአበባው ብናኝ ይሸፈናል። ይህ ግን አበባውን እያራቡ ለመሆናቸው ገና ማረጋገጫ አይደለም፤ አጥኚዎቹም ያሉት ሊሆን ይችላል ብቻ ነው።

አመለካከት፦ «ዝግመተ ለውጥ የሚታየው በሚሊዮን ዓመታት ብቻ ነው፤ እንስሳትም የሚለወጡት ራሳቸውን ለማዳን ሲሉ ነው።»

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ተደራርበዋል፤ ሁለቱንም የሚያርመው በሞዛምቢክ የጎሮንጎሳ ብሔራዊ ፓርክ የታየው ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1992 በዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ተፋላሚዎቹ ወገኖች ለውጊያው ገንዘብ ለማግኘት ሲሉ ዝሆኖችን ለጥርሳቸው ስለጨፈጨፉ፣ የፓርኩ ዝሆኖች ቁጥር ከ90 በመቶ በላይ አሽቆለቆለ። ከጦርነቱ በፊት ከሴቶቹ መካከል ጥርስ አልባ የነበሩት 18.5 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ከጦርነቱ በኋላ ድርሻቸው 51 በመቶ ያህል ደርሷል። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ዝሆን ከሚኖረው ዕድሜ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።

ጉዳዩ በተነሣ ቁጥር «ዝሆኖች ከአዳኝ ለማምለጥ ጥርስ ማብቀል ተዉ» ሲባል ይሰማል፤ አባባሉ ግን ነገሩን ገልብጦ ያቀርበዋል። ጥርሷን የተወች ዝሆን የለችም። ጥርስ ሳያበቅሉ የሚያድጉ ሴቶች ቀድሞም ነበሩ፤ አዳኙ ስላልፈለጋቸው ተርፈው ወለዱ፣ ባሕርዩንም ለሴት ልጆቻቸው አወረሱ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው የዘረመል ጥናት እንዳመለከተው፣ ባሕርዩ ከኤክስ ክሮሞሶም (ሴቶች ሁለት፣ ወንዶች ግን አንድ ብቻ ካላቸው የዘረመል ተሸካሚ) ጋር የተያያዘ ሲሆን የሚወርሱት ወንድ ጽንሶች ሳይወለዱ ይሞታሉ፤ በዚህም ምክንያት ጥርስ አልባ እናቶች ከሚወልዷቸው ግልገሎች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ሴቶች ናቸው። እናትን ከጥይት ያዳነው ባሕርይ ወንድ ልጆቿን የሚያሳጣት ከሆነ፣ ለውጡ ታስቦበት የመጣ ነው ለማለት አያስደፍርም።

አመለካከት፦ «ሰው የመጣው ከቺምፓንዚ ነው።»

አይደለም፤ ሁለቱም የመጡት ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከኖረ የጋራ ቅድመ አያት ነው፤ ቺምፓንዚም ከዚያ ወዲህ በራሱ መንገድ ሲለወጥ ቆይቷል። በአፋር፣ አራሚስ በተባለው ስፍራ የተገኘችው የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷ አርዲ (ከሰው የዘር ግንድ የምትመደብ ጥንታዊ ቅሪተ አካል) በእጇ ጣቶች አንጓ ተደግፋ እንደ ቺምፓንዚ የመሄድ ምልክት እንደማይታይባት አጥኚዎቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ጽፈዋል፤ ይህም የጋራው ቅድመ አያት ቺምፓንዚን ይመስል ነበር የሚለውን ግምት አጠያያቂ ያደርገዋል፤ ስለ እጇ የሚደረገው ክርክር ግን አልተዘጋም።

አመለካከት፦ «ጸረ-ቁስ የቁስ ተቃራኒ ስለሆነ ወደ ላይ ይወድቃል።»

ጸረ-ቁስ የተራው ቁስ ቅንጣቶች ተጓዳኝ በሆኑ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። ተቃራኒነቱ በዋናነት የኤሌክትሪክ ሙሌት ነው፤ ለምሳሌ የኤሌክትሮን ጸረ-ቅንጣት የሆነው ፖዚትሮን ከኤሌክትሮን ጋር እኩል መጠነ ቁስ አለው። ብዙዎቹ የፊዚክስ ሊቃውንት ወደ ታች እንደሚወድቅ አስቀድመው ቢገምቱም በቀጥታ ያሳየ ሙከራ አልነበረም። በጄኔቫ አቅራቢያ በሚገኘው ሰርን በተባለው የቅንጣት ፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ አልፋ የተባለው የተመራማሪዎች ቡድን የጸረ-ሃይድሮጅን (የሃይድሮጅን ጸረ-ቁስ) አተሞችን እጅግ አቀዝቅዞ ቀጥ ብሎ በቆመ ቱቦ ውስጥ በማግኔት አፈናቸው፤ ከዚያም የማግኔቱን ጉልበት ከላይም ከታችም ቀስ በቀስ ሲቀንሰው 80 በመቶ ያህሉ በታች በኩል ወጡ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሟል። በመሆኑም መሬት ጸረ-ቁስን ትገፋዋለች የሚለው ሐሳብ ውድቅ ሆኗል። በተለካው ፍጥንጥነት ላይ ያለው የስሕተት ወሰን ግን ገና ሰፊ ስለሆነ፣ በቁስና በጸረ-ቁስ አወዳደቅ መካከል ጥቂት ልዩነት ካለ ለመለየት ይበልጥ የቀዘቀዙ አተሞች ያስፈልጋሉ፤ ለዚህም ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳየው በሌዘር የማቀዝቀዝ ዘዴ ይረዳል።