የጠዋቱን መተሳሰር በሰዓት ለኩት

«ጠዋት ስነሳ ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኛል፤ የመገጣጠሚያ ብግነት ይሆን ወይስ የዕድሜ ጉዳይ?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። ብዙዎች የሚያወሩት ሕመሙ ምን ያህል እንደሚበረታ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው መተሳሰሩ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ነው።

በአጥንት ጫፍ ላይ ያለው ልስልስ አጥንት ከዕድሜ ጋር ሲሳሳ መተሳሰሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ደቂቃ አይዘልም፤ ሕመሙም በሥራ ብሶ በዕረፍት ይቀንሳል። ሩማቶይድ አርትራይተስን በመሰለ የብግነት በሽታ ነገሩ ይገለበጣል፤ መተሳሰሩ አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ዕረፍት ያብሰዋል፤ እንቅስቃሴ ያላላዋል።

ለምሳሌ አንዲት ሴት ከተነሳች በኋላ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል የልብሷን ቁልፍ መቆለፍ ያቅታታል እንበል። የሁለቱም እጆቿ ጣቶች ከሥራቸው አብጠዋል፤ ሁኔታው ከ6 ሳምንት በላይ ቆይቷል። ይህች ሴት ሐኪም ዘንድ መሄድ አለባት፤ የሕመም ማስታገሻ እየዋጡ መጠበቅ መገጣጠሚያው እንዲጎዳ ጊዜ መስጠት ነው።

ደቂቃው ፍንጭ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ከሰው ሰው ይለያያል። የደም ምርመራም ብቻውን አይፈርድም፤ ለሩማቶይድ አርትራይተስ በደም ውስጥ የሚፈለገው «ሩማቶይድ ፋክተር» የሚባለው ፕሮቲን በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ሊገኝ፣ በታማሚው ደም ውስጥ ደግሞ ሊጠፋ ይችላል።

ሰዓት መለካት የማያስፈልገው አንድ ሁኔታ አለ፤ አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ ከጋለና ትኩሳት ካለ፣ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሕክምና ያስፈልጋል።