ስኖርክል ምንድን ነው? ውሃ ውስጥ ድንጋጤ ሲመጣስ?

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሳ እየበላን አንድ ጓደኛዬ ስለ ስኖርክል ጠየቀኝ። «እሺ ወንድሜ፣ ያቺን ቱቦ ለምን አምስት ሜትር አያደርጓትም? ሐይቁ ሥር ድረስ ይወረድ ነበር እኮ።» ጥሩ ጥያቄ ነው።

ስኖርክል ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ የምትረዝም የመተንፈሻ ቱቦ ናት። አንዱ ጫፍ አፍ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ከውሃው በላይ ይቀራል። ፊታችሁን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ፣ ቀና ሳትሉ ትተነፍሳላችሁ። የማትረዝምበት ምክንያት አላት። አንድ ሜትር ብቻ ብትወርዱ መዳፍ በምታክል የደረታችሁ ቦታ ላይ 10 ኪሎ ያህል ውሃ ይጫናል፣ በቱቦው የሚመጣው አየር ግን ያው የላዩ አየር ስለሆነ ደረታችሁ ያንን ሁሉ ገፍቶ መሳብ ያቅተዋል። በዚያ ላይ ቱቦው በረዘመ ቁጥር የተነፈሳችሁትን አየር መልሳችሁ ትስባላችሁ። ጠላቂዎች የታመቀ አየር የያዘ ሲሊንደር የሚሸከሙት ለዚህ ነው፤ አፋቸው ውስጥ የሚይዙት መተንፈሻ፣ ሬጉሌተሩ፣ አየሩን በዙሪያቸው ካለው ውሃ ግፊት ጋር እኩል አድርጎ ይሰጣቸዋል። ስኖርክሏን የሚጠቀሙባት ላይ ሲንሳፈፉ ነው፣ ጀልባ ሲጠብቁ ለምሳሌ፣ የሲሊንደሩ አየር እንዳያልቅ።

አሁን ወደ ድንጋጤው። መጀመሪያ የሞከርኩት እዚሁ ሐዋሳ፣ አንድ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ነበር። ቱቦው ውስጥ ትንሽ ውሃ ገባ። ሳላወጣው ሳብኩ። ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ማስኩን ከፊቴ ነቀልኩት፣ ጠርዙን ለመያዝ ተንፈራገጥኩ። ውሃው ደረቴ ድረስ ብቻ እንደነበር ያስተዋልኩት ጠርዙን ከያዝኩ በኋላ ነው።

ድንጋጤ የሚሠራው እንዲህ ነው። ትንፋሽ አጭርና ፈጣን ይሆናል። ሰው ይስባል ይስባል፣ በደንብ አያስወጣም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፣ የመታፈን ስሜቱን የሚያመጣውም እሱ ነው። ስለዚህ ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ እንኳን አየር ያለቀ ይመስላል። ያኔ ነው ሰው ሬጉሌተሩን ከአፉ የሚነቅለው፣ ወደ ላይ የሚፈተለከው። ይህ በጣም አደገኛ ነው! ከሲሊንደር የተሳበ አየር ወደ ላይ ስትወጡ ይለጠጣል፤ ትንፋሽ ይዛችሁ ከወጣችሁ ሳንባ ሊቀደድ ይችላል፣ ጥልቀቱ ትንሽ ቢሆንም።

መፍትሔው ከማስወጣት ይጀምራል። ቁሙ፣ አትዋኙ። የሚያዝ ነገር ካለ ያዙ። ቀስ ብላችሁ፣ እስኪያልቅ ድረስ አስወጡ፣ ከዚያ በዝግታ ሳቡ። ሁለት ሦስት ጊዜ ስትደግሙት ጭንቅላት ይመለሳል። «ችግር አለ» ለማለት መዳፋችሁን ዘርግታችሁ ግራና ቀኝ አወዛውዙና ችግሩ ያለበትን ለጓደኛችሁ በጣት አሳዩ። ውሃው ላይ የተደናገጠው ጓደኛችሁ ከሆነ ደግሞ ፊት ለፊት አትጠጉት፣ ይጨብጣችሁና ይዟችሁ ይሰምጣል። የሚንሳፈፍ ነገር ወርውሩለት፣ ለመጥለቅ የታጠቀውን የክብደት ቀበቶ ፍታ በሉት።

ሐይቃችን ለልምምድ አይሆንም። ቢልሃርዝያ አለ፣ ጉማሬም አለ። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነም ለባሕር የተሠራው የጠለቃ ሰንጠረዥ (በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየው) እንዳለ አይሠራበትም። ገንዳ ይበቃል። ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ሁኑ፣ ሰው አጠገባችሁ ይኑር፣ ቱቦዋን ሆን ብላችሁ ውሃ አስገቡባት፣ ከዚያ «ቱ!» ብላችሁ በኃይል ንፉ። ውሃው ተፈናጥሮ ይወጣል። ቀጣዩን ትንፋሽ ግን በቀስታ ሳቡ፣ ጠብታ ሊቀር ይችላል።