«ጋዙ አልቋል»፦ ስለማያቀዘቅዝ የመኪና ኤሲ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የመኪናው ኤሲ ማቀዝቀዝ ሲያቆም ብዙ ባለመኪና ጋራዥ የሚሄደው ለማስመርመር ሳይሆን፣ ምርመራውን ራሱ ጨርሶ «ጋዝ ሙሉልኝ» ለማለት ነው።

«ጋዙ እንደ ነዳጅ እያለቀ ይሄዳል፤ በየጊዜው መሞላት አለበት።»

የኤሲ ጋዝ አይቃጠልም። በኮምፕሬሰሩ ተጨምቆ ይሞቃል፤ ከራዲያተሩ ፊት ባለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ለውጭው አየር አስረክቦ ፈሳሽ ይሆናል፤ ከዚያም በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ግፊቱ ሲወርድ ዳሽቦርዱ ውስጥ ባለው ኢቫፖሬተር እየተነነ ወደ ተሳፋሪው የሚነፍሰውን አየር ያቀዘቅዛል። ያው ጋዝ ተመልሶ ወደ ኮምፕሬሰሩ ይገባል። በዓመታት ውስጥ ከጎማ ቱቦዎችና ከማሸጊያዎች ጥቂት ሊያመልጥ ይችላል፤ ባለፈው ወር ተሞልቶ በዚህ ወር የጠፋ ጋዝ ግን የሚያፈስ ቦታ እንዳለ ያሳያል። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር ስለሚዘዋወር፣ በመገጣጠሚያ ላይ አቧራ የያዘ ቅባታማ እድፍ ከታየ ፍለጋው ከዚያ ይጀመር። ፍሳሹን ሳይደፍኑ ደጋግሞ መሙላት ከጋዙ ጋር ዘይቱንም ያስጨርሳል፤ ኮምፕሬሰሩ የሚነክሰውም (ተጣብቆ መዞር የሚያቆመውም) ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው።

«ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ግፊት ስላሳየ ጋዙ በቂ ነው።»

መካኒኮችም የሚሳሳቱበት ነጥብ ይህ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ የሚነበበው ግፊት የሚከተለው የጋዙን መጠን ሳይሆን ሙቀቱን ነው፤ በውስጡ ፈሳሽ እስካለ ድረስ አር 134ኤ የተባለው የኤሲ ጋዝ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 6.7 ባር ያሳያል፣ ሙሉም ይሁን ግማሽ። ትክክለኛው መንገድ ያለውን ጋዝ በማሽን አውጥቶ፣ አየርና እርጥበትን በቫኪዩም ስቦ፣ ኮፈን ሥር በተለጠፈው ጽሑፍ የተመለከተውን ግራም በሚዛን መሙላት ነው።

«ጋዙ በበዛ ቁጥር ቅዝቃዜው ይጨምራል።»

የተገላቢጦሽ ነው። ትርፉ ፈሳሽ የኮንደንሰሩን ቦታ ስለሚይዝ ግፊቱ ይንራል፣ ቅዝቃዜው ይቀንሳል፣ ግፊቱ ከገደብ ሲያልፍም መቆጣጠሪያው ኮምፕሬሰሩን ያጠፋዋል።

«መንገድ ላይ እየቀዘቀዘ ቆሞ የሚሞቅ ከሆነ ጋዝ አንሶታል።»

መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ኮንደንሰሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ሲቆም ሥራው በፋኑ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በቅድሚያ መጠርጠር ያለበት የማይዞር ፋን ወይም በአቧራና በነፍሳት የተደፈነ ኮንደንሰር ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራና ኤሲው በርቶ፣ ኮንደንሰሩ ላይ በቀስታ ውሃ ይርጩ (እጅዎ ከፋኑ ይራቅ)። ከውስጥ የሚወጣው አየር ወዲያው ከቀዘቀዘ፣ ችግሩ ሙቀቱ ከኮንደንሰሩ በበቂ ሁኔታ አለመውጣቱ ነው።

«ኮምፕሬሰሩ ካልተነሣ ሞቷል።»

ፊውዙ ተቃጥሎ፣ ሪሌዩ (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኘው ማብሪያ) ተበላሽቶ ወይም ጋዙ ስላነሰ የግፊት ማብሪያው ሆን ብሎ አቁሞት ሊሆን ይችላል። ማብሪያውን በሽቦ አገናኝቶ ማስነሣት ብልሃት ቢመስልም፣ ጤነኛውን ኮምፕሬሰር ያለ ዘይት አሽከርክሮ መግደል ነው።

«ሞቃት አየር ከወጣ ኤሲው አልሠራም ማለት ነው።»

ከኮፈን ሥር ሁለቱን የኤሲ ቧንቧዎች ይመልከቱ። ወፍራሙ ቀዝቅዞ ላብ ከያዘ የማቀዝቀዣው ክፍል እየሠራ ነው፤ እንከኑ ዳሽቦርዱ ውስጥ ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር የሚቀላቅለው ትንሽ በር ተጣብቆ ወይም ማንቀሳቀሻ ሞተሩ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ነፋሱ ከደከመ ደግሞ ከሁሉ በፊት የካቢን ፊልትሮው ይታይ። መኪናው ሥር የሚንጠባጠበው ንጹሕ ውሃም ፍሳሽ አይደለም፤ ከአየሩ የተጨመቀ እርጥበት ነው። ሊያሳስብ የሚገባው እርጥበት ባለበት አየር ውሃው መንጠባጠቡን አቁሞ የተሳፋሪው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ሲረጥብ ነው፤ ያን ጊዜ የውሃ መውረጃው ቱቦ ተደፍኗል።