«ማትሪኩሌት» ማለት ማትሪክ መፈተን አይደለም

ለውጭ ዩኒቨርሲቲ ፎርም ስትሞሉ «የማትሪኩሌሽን ቀን» የሚል ቦታ ሊገጥማችሁ ይችላል። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የወሰዳችሁበትን ቀን እዚያ ላይ አትጻፉ። የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው።

«ማትሪክ ፈተና አይደል እንዴ?»
በእኛ አገር፣ አዎ። ማትሪክ ወደቀ፣ ማትሪክ አለፈ ስንል ማንም ግራ አይገባውም። እንግሊዝኛው ግሥ የሚያወራው ግን ከፈተናው በኋላ ስለሚመጣው ነው፦ ተማሪው በይፋ የዩኒቨርሲቲው አባል ሆኖ መዝገብ ላይ መስፈሩ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ከ1838 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ ምዝገባ የሚያበቃ ፈተና ይሰጥ ነበር። ሙሉ ስሙ «የማትሪኩሌሽን ፈተና» ነው። ሰው ረጅም ስም አይወድም፤ አሳጠረው። ዛሬ ህንድ ውስጥ የአስረኛ ክፍል፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዚሁ ስም ይጠራል። ስለዚህ የእኛን አጠራር ስህተት ለማለት አልደፍርም። ፎርሙ ላይ ግን አይሠራም።

«መመረቅ ማለት ነው»
ጭራሽ ተቃራኒው ነው። መግባት እንጂ መውጣት አይደለም። የኦክስፎርድ አዲስ ተማሪዎች ግን በምዝገባው ሥነ ሥርዓት ላይ ጥቁር ካባ ስለሚደርቡ፣ ፎቶውን አይቶ እንኳን ደስ ያለህ ተመረቅህ የሚል ዘመድ አይፈረድበትም።

«የቅበላ ደብዳቤ ከመጣ አበቃ»
አላበቃም። አሜሪካ ውስጥ አምስት ኮሌጅ ቢቀበላችሁም ማትሪኩሌት የምታደርጉት ገብታችሁ በተመዘገባችሁበት በአንዱ ብቻ ነው። ዲግሪ ሳይከታተል አንድ ሁለት ኮርስ የሚወስድ ሰውም ብዙ ጊዜ በዚህ ስም አይቆጠርም።

«ከማቲማቲክስ የመጣ ቃል ነው»
አይደለም። ማቲማቲክስ ግሪክ ነው። ይሄኛው ላቲን ሲሆን ሥሩ «ማተር»፣ እናት ነው። ከእሱ «ማትሪክስ» ወጣ፤ ማሕፀን ማለት ነው፣ ኋላ ላይ መዝገብም ተባለበት። ትንሿ መዝገብ «ማትሪኩላ» ሆነች። በጥንቱ የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን የሚረዱ ድሆች ስም የሚሰፍርበት ዝርዝርም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ጀርመን የምትማሩ ደግሞ «ማትሪክልኑመር» የሚባለው የተማሪ ቁጥራችሁ የዚሁ ቤተሰብ ነው።

«ባዶ ወግ ነው»
ዛሬ ሊመስል ይችላል። ድሮ ግን በሩ ራሱ ነበር። ኦክስፎርድ ከ1581 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመመዝገብ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንን 39 አንቀጾች በፊርማ መቀበልን ይጠይቅ ነበር። ካቶሊክ ሆኖ በእውነት የሚፈርም የለም፤ ስለዚህ ውጭ ቀረ። ግዴታው የተነሳው በ1854 ነው። ሴቶች ከዚያም በላይ ጠበቁ። ትምህርቱን ይከታተላሉ፣ ይፈተናሉ፣ ያልፋሉ፤ መዝገቡ ላይ ስማቸው ስለሌለ ግን ዲግሪ የለም። በኦክቶበር 1920 ሲፈቀድ፣ ከዓመታት በፊት ፈተናውን ያለፉ ሴቶችም ተመልሰው መጥተው ተመዘገቡ። የመጀመሪያዎቹ በዚያው ወር ዲግሪያቸውን ተቀበሉ።