ካባሎት ምንድን ነው?

ካባሎት የከባድ መኪናን ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ቅጠል ሞላ) ከአክስሉ ጋር አቅፎ የሚያስር፣ በU ቅርጽ የታጠፈ ብረት ነው፤ በሁለቱ ጫፎቹ ዳዶ (እየዞረ የሚያጠብቀው ብረት) የሚገባበት ጥርስ አለው። «ጥርሱ እስካልተበላ ካባሎት አይጣልም፤ ብረት ብረት ነው» የሚል ምክር ይሰማል። አደገኛ ምክር ነው።

ካባሎት የሚሠራው ተወጥሮ ነው። ዳዶው ሲጠብቅ ብረቱ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ለመመለስ ሲስብ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ጨምቆ ይይዛል። አክስሉን በቦታው የሚይዘው ይህ ጭመቃ እንጂ የመሃል ቡሎኑ አይደለም። የመሃል ቡሎን ቅጠሎቹን ይሰበስባል፣ የአክስሉን መቀመጫ ያሳያል፤ የፍሬን ጉልበት ለመሸከም አልተሠራም። ከሐረር ጭኖ በደንገጎ ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ አሮጌ ኤንትሬ (የፊያት N3 የጭነት መኪና) ፍሬን በያዘ ቁጥር የፊት አክስሉ ባሌስትራውን ሊጠመዝዝ ይታገላል። ካባሎቱ ከላላ ቡሎኑ ይቆረጥና አክስሉ ይሸሻል፤ ወይም ቅጠሉ ልክ በቡሎኑ ቀዳዳ ላይ ይሰበራል። እዚያ ቦታ የተሰበረ ባሌስትራ ሲገጥም ቅጠሉን ከመውቀስ በፊት ካባሎቱን መመርመር ነው።

ግመል የሚጭን ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ጥቂት እንደተጓዘ ጭነቱ ይረጋል፣ መጫኛው ይላላል፤ ቆሞ እንደገና ያጠብቃል። በአዲስ ካባሎት ሥር ያለው ቀለምና ዝገትም እንዲሁ ይጨፈለቃል። ስለዚህ ጭኖ ከ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ዳግም ይጠበቃል። ያረጀ መጫኛ ግን ሲሳሳ ይታያል፤ የካባሎት ድካም አይታይም። አንዴ የተጨፈለቀ ጥርስ ሲደገም የማጥበቂያውን ጉልበት ሰበቃ ይበላዋል፤ ቶርክ ሬንቹ (የማጥበቂያ ጉልበት የሚለካው ቁልፍ) ትክክለኛውን ቁጥር ያሳያል፣ ጭመቃው ግን ጎድሏል። «ጥርሱ ደህና ነው» ለሚለው ሰው መልሱ ይኸው ነው።

እንግዲህ የሁለቱም ጎን የፊት ባሌስትራ ከተፈታ 4 አዲስ ካባሎት፣ 8 አዲስ ዳዶ፣ ከነሮንዴላው (ከዳዶው ሥር ከሚገባው ቀለበት ጋር) ያስፈልጋል። መቀመጫው እስከ ብረቱ ይጠረጋል። መጀመሪያ በየጎኑ ያሉት 4 ዳዶዎች በእኩል ይያዛሉ፤ ከዚያ መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማው ከቆመ በኋላ በመስቀለኛ፣ ደረጃ በደረጃ ይጠበቃሉ። የቶርኩ ልክ እንደ ካባሎቱ ውፍረትና የብረት ደረጃ ይለያያል፤ አምራቹ ጥርሱ ደረቅ ይሁን ዘይት የተቀባ ማለቱንም ማየት ያስፈልጋል፤ ለደረቅ የተሰጠው ቁጥር ዘይት በተቀባ ጥርስ ላይ ብረቱን ከመጠን በላይ ይስበዋል። (በባሌስትራው ጫፍ ቀዳዳ የሚገባ የጎማ ቦኮላ ካለውም የጫፉ ቡሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ ነው፤ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ የቦኮላው ጎማ ተጠማዝዞ ቶሎ ይቀደዳል።)

ከግንባታ ፌሮ ታጥፎ የሚሸጠውን ግን በነፃም አትውሰዱ። የተጣመመውንም በእሳት አሙቆ ማቃናት አይሆንም፤ ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ያጠፋዋል።