ቺንዶጉ ምንድን ነው?

ትኩስ ኑድል ቀርቦላችኋል። ያቃጥላል። እፍ እፍ ማለት ሰለቻችሁ እንበል። አንድ ሰው መጥቶ በምትበሉባቸው እንጨቶች ላይ ትንሽዬ ቬንትሌተር ቢገጥምላችሁስ? ይሠራል እኮ። ኑድሉም ይበርዳል። ችግሩ ምግብ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ እናንተን ማየቱ ነው።

ጃፓኖች እንዲህ ዓይነቱን ፈጠራ ቺንዶጉ ይሉታል። «ቺን» እንግዳ፣ ወጣ ያለ ማለት ነው፤ «ዶጉ» ደግሞ ዕቃ። «ጉደኛ ዕቃ» ብንለው ብዙም አንስትም። የነገሩ አባት ኬንጂ ካዋካሚ ይባላል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በፖስታ የሚታዘዙ ሸቀጦችን የሚያስተዋውቅ መጽሔት አዘጋጅ ነበር። ትርፍ ገጽ ሲያገኝ ራሱ የፈጠራቸውን ዕቃዎች ፎቶ ማውጣት ጀመረ። አንባቢው ወደደለት።

ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የዓይን ጠብታ መነጽር ነው። ዘይት ወደ ጠርሙስ ስንገለብጥ አፉ ላይ የምንሰካት ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ የሆነች ነገር አለች አይደል? እሷን የመሰሉ ሁለት በመነጽሩ ላይ ተተክለዋል። ጠብታው አይስትም። ጉንፋን ለያዘው ደግሞ ጥቅል ሶፍት አናት ላይ የሚታሰርበት ቆብ አለ፤ አፍንጫ በፈሰሰ ቁጥር ሳብ አድርጎ መቁረጥ ነው። የእኔ ምርጫ ግን የሕፃኑ ልብስ ነው። ሆዱና እጅጌው ላይ መወልወያ ተሰፍቶበታል። ልጁ ሲድህ ወለሉ ይጸዳል። (ይህን ያየች እናት መጀመሪያ ትስቃለች፤ ቀጥሎ የት እንደሚገዛ ትጠይቃለች።)

እዚህ ላይ ልዩነቱን ልብ በሉ። የማይረባ ዕቃ መሥራት ማንም አያቅተውም። ቺንዶጉ ግን የተነሣበትን ችግር የምር ይፈታል። ብቻ አንዱን ፈትቶ ሌላ ይወልዳል፤ ብዙ ጊዜ የሚወልደውም ኀፍረት ነው። ከድጡ ወደ ማጡ።

ሆን ተብሎ እንዳይመች ከሚሠራው ዕቃ የሚለየውም በዚህ ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዣክ ካረልማን በ1969 የማይገኙ ዕቃዎች ካታሎግ አሳትሞ ነበር። ታዋቂው ዕቃው የቡና ማንቆርቆሪያ ነው፤ መያዣውና የሚቀዳበት አፍ በአንድ ወገን ናቸው። የእኛን ጀበና እንዲያ አድርጋችሁ አስቡት። ጆሮዋ ከአፏ ሥር። አቦሉን የምትቀዱት በገዛ እጃችሁ ላይ ነው። ግሪካዊቷ አርክቴክት ካተሪና ካምፕራኒም ከ2011 ጀምሮ በዚሁ መንገድ ትሄዳለች። ጣት የሚያስወጣ የዝናብ ቦቲ ሠርታለች፤ እጀታው ሰንሰለት የሆነ ሹካም አላት። እነዚህ ምንም ችግር አይፈቱም። ከደህና ዕቃ አንዲት ነገር ብቻ ይነካሉ። ጀበና ስንገዛ ጆሮዋ የት ጋ ነው ብለን ጠይቀን እናውቃለን? ያቺ አንዲት ነገር ስትነካ ግን ወዲያው ይታየናል።

ወደ ቺንዶጉ እንመለስ። 10 ደንቦች አሉት። ዕቃው በሥዕል ብቻ መቅረት የለበትም፤ ተሠርቶ በእጅ የሚያዝ መሆን አለበት። ግን ለእውነተኛ አገልግሎት መዋል አይችልም። ለዕለት ተዕለት ኑሮ የታሰበ ይሁን። ሳቅ ብቻውን ዓላማው አይሁን። የፈጠራ ባለቤትነት መብት አይወጣበትም። አይሸጥም። የመጨረሻዋ በጣም ትገርመኛለች፤ ደንቡን ያወጣው ሰውዬ እኮ ሥራው ዕቃ የሚያሻሽጥ መጽሔት ማዘጋጀት ነበር።

ይህቺው ደንብ ናት ጣጣ ያመጣችው። በ1995 በእንግሊዝኛ በወጣው የካዋካሚ መጽሐፍ ውስጥ ዱላ ጫፍ ላይ የታሰረ ካሜራ አለ። ሰው ራሱን በራሱ ፎቶ እንዲያነሳበት ነው። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። ሚኖልታ የካሜራ ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሂሮሺ ኡዌዳ በ1980ዎቹ መብቱን አስመዝግቦበት ነበር፤ ገበያው ግን አልቀናውም። በመጽሐፉ ያየው ሰው ሳቀበት። ከዓመታት በኋላ ስልክ ካሜራ ሆነ፤ ሰልፊ መጣ። አሁን ያ ዱላ የሌለበት የቱሪስት ቦታ ፈልጉ እስቲ። ሱቁ ይሸጠዋል፣ አዟሪው ይሸጠዋል። በደንቡ መሠረት ከቺንዶጉ ተባሯል። የሕፃኑ መወልወያ ልብስም በኋላ ገበያ ወጥቶ ተሸጧል። የሶፍቱን ቆብ ለብሶ ታክሲ የሚሳፈር ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።